በሩ ከመንኳኳቱ በፊት ማን ፈረመ?

ስለ ኢሚግሬሽን ብርበራ፣ ስለ መብትና ስለ ደኅንነት የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የዛሬው ርእሳችን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ሲጠጣ፣ ታክሲ ተሰልፎ ተራ ሲጠበቅ፣ ቡና ሲፈላ ሁሉ የሚነሣ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን መኮንኖች ሰው ፍለጋ ሲወጡ እስከ የት ድረስ መሄድ ይችላሉ? ቤት ይገባሉ? መኪና ያስቆማሉ? የሥራ ቦታ ይከባሉ? ስልክ ይከፍታሉ? በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ሀገር ማን እንደገባና ማን እንደሚኖርባት ማወቅ አይገባትም ወይ? ሁለቱም የእውነት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱንም በቁም ነገር እንመልከታቸው።

በመካከላችን ዜጋ የሆነ አለ፤ ግሪን ካርድ የያዘ አለ፤ የጥገኝነት ኬዙ ለዓመታት የተንጠለጠለበት አለ፤ ወረቀት የሌለውም አለ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ነው የሚያድሩት። አንዱን ፍለጋ የተንኳኳ በር የቤተሰቡ ሁሉ በር ነው።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። መብትና ደኅንነት አንዱ ሲጨመር ሌላው የሚቀነስ ነገር ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። ታሪኩን ላገላበጠ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ዋናው ጉዳይ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ የሚፈለገው ማን ነው? በምን ምክንያት? ይህን የፈቀደውስ ማን ነው? እነዚህን በሩን ከማንኳኳቱ በፊት የመለሰ መንግሥት ንጹሑን አያስደነግጥም፤ የሚፈልገውንም ሰው ያገኛል። ጅምላ አፍሶ በኋላ የሚያጣራ መንግሥት ደግሞ መብቱንም ደኅንነቱንም ያጣል።

የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የጉምሩክ ፍተሻ ነበር

በአሜሪካ የብርበራ ሕግ ምሰሶ በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ነው። ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በአካሉ፣ በቤቱ፣ በወረቀቱና በንብረቱ ላይ አግባብ የሌለው ብርበራ አይደረግበትም። የብርበራ ትዕዛዝ የሚወጣውም በመሐላ የተደገፈ አሳማኝ ምክንያት ሲቀርብ፣ የሚበረበረውን ቦታና የሚያዘውን ሰው ወይም ዕቃ ለይቶ ሲጠቅስ ነው።

ይህ ሐሳብ የተወለደው ከድንበር ቁጥጥር ነው። አሜሪካ በእንግሊዝ ሥር ሳለች የንጉሡ የጉምሩክ ሠራተኞች የኮንትሮባንድ ዕቃ ያሳድዱ ነበር። በእጃቸው ያለው ትዕዛዝ የማንንም ስም አይጠራም፤ የማንንም ቤት አይለይም። የያዘው ሰው መጋዘንም ሆነ መኖሪያ ቤት ገብቶ መፈተሽ ይችላል። ትዕዛዙ ንጉሡ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለስድስት ወር ይጸናል። ዳግማዊ ጆርጅ በ1760 ሲሞት መታደስ ነበረበትና የቦስተን ነጋዴዎች በ1761 ፍርድ ቤት ቀርበው ተቃወሙ። ጠበቃው ጄምስ ኦቲስ ለሰዓታት ተሟገተላቸው፤ ሆኖም ተረታ። ከአዳማጮቹ አንዱ ወጣቱ ጠበቃ ጆን አዳምስ ነበር። ኋላ የሀገሪቱ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ይህ ሰው፣ የአሜሪካ ነጻነት የተወለደው በዚያ ክርክር ላይ እንደነበረ በእርጅናው ጽፏል።

ኦቲስ ኮንትሮባንድ ይለቀቅ አላለም። ቤቱን ለይቶ የሚጠቅስ፣ በመሐላ የተደገፈ ትዕዛዝ ሕጋዊ መሆኑን ተቀብሎ ነው የተከራከረው። የተቃወመው ባዶ ትዕዛዝን ነው።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በድሮው አውጫጭኝ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይውል ነበር፤ ያላጠፋውም ከእርሻውና ከከብቱ ተለይቶ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ደርግ በአዲስ አበባ ያካሄደውን የቤት ለቤት አሰሳ ያሳለፉ ወላጆችም ዛሬ በዚህ ሀገር ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሰው ከቤቱ፣ ከአካሉና ከንብረቱ ብርበራ የመጠበቅ መብት እንዳለው ሲደነግግ ይህ ሁሉ ታሪክ ከኋላው ነበር።

መብቱ ለዜጋ ብቻ ነው ወይ?

ይህን ጥያቄ ቀደም ብለው ለፍርድ ቤት ካቀረቡት መካከል ቻይናውያን ስደተኞች ይገኛሉ። በ1882 ኮንግረስ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ከለከለ። በ1892 ደግሞ ቀድመው የገቡት የነዋሪነት ወረቀት እንዲይዙ አስገደደ። ያለ ፈቃድ የተገኘ ቻይናዊ ያለ መደበኛ የወንጀል ችሎት እስከ አንድ ዓመት በከባድ ሥራ ሊታሰር ይችል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ዎንግ ዊንግ በተባለው ጉዳይ ይህን ሻረው። መንግሥት የውጭ ሀገር ሰው ማባረር ይችላል፤ ያለ ፍርድ በወንጀል ቅጣት ማሰር ግን አይችልም፤ የሕግ ጥበቃው በሀገሪቱ ምድር ላለ ሰው ሁሉ ነውና።

ማባረር ይቻላል፤ ሰውን ከሕግ ውጪ ማድረግ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ሁሉ የሚዞረው በእነዚህ ሁለት ሐሳቦች መካከል ነው።

ጅምላ ሲታፈስ ምን ሆነ?

ጁን 2 ቀን 1919 በስምንት የአሜሪካ ከተሞች ቦምቦች ፈነዱ። አንዱ የፈነዳው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሚቸል ፓልመር ቤት ደጃፍ ነበር። ፍርሃቱ የእውነት ነበር፤ ይህን ማቃለል አይገባም። መንግሥት የመረጠው መንገድ ግን ቦምብ ያፈነዱትን ሰዎች በስም መከታተል አልሆነም። ጃንዋሪ 2 ቀን 1920 ምሽት ከ30 በላይ በሆኑ ከተሞች አዳራሾችን፣ ምግብ ቤቶችንና መኖሪያ ቤቶችን በአንድ ጊዜ ከበበ። በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተያዙ። ለብዙዎቹ ትዕዛዝ አልነበረም፤ ለሌሎቹም የነበረው ከዳኛ የወጣ ሳይሆን ኢሚግሬሽንን ያስተዳድር በነበረው የሥራ ሚኒስቴር ሹማምንት የተፈረመ ነበር።

በዲትሮይት ወደ 800 የሚሆኑ ሰዎች በፌዴራሉ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ መስኮት በሌለው ጠባብ መተላለፊያ ታጎሩ። ለሁሉም የነበረው መጸዳጃ አንድ ብቻ ነው። ባዶ ወለል ላይ ተኝተው ቀናት አለፉ፤ ሚስቶችና ልጆች ደጅ ቆመው ምግብ ያቀብሉ ነበር። ከተያዙት ውስጥ ለሙዚቃ ወይም ለምሽት ትምህርት ብለው ወደ አዳራሹ ጎራ ያሉም ነበሩ።

በዚያው ዓመት የሥራ ሚኒስቴሩን በተጠባባቂነት የመራው ሉዊስ ፖስት እያንዳንዱን መዝገብ ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ማስረጃ ያልቀረበባቸውን ከአንድ ሺህ በላይ ጉዳዮች ሰረዘ። ኮንግረስ ከሥልጣን ሊያወርደው ጠራው፤ እሱም መዝገቦቹን ይዞ ቀረበና መልስ ሰጠ፤ አልወረደም። ደኅንነቱስ? ሴፕቴምበር 16 ቀን 1920 በኒው ዮርክ ዎል ስትሪት ሌላ ቦምብ ፈንድቶ ከ30 በላይ ሰዎች ገደለ። በሺዎች የታፈሱበት ዘመቻ ይህን አላስቀረም።

ሰማኒያ ዓመት ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ መንግሥት ከ25 ሀገሮች የመጡ፣ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርበው እንዲመዘገቡ አዘዘ። ከጎረቤቶቻችን ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ከ80,000 በላይ ሰዎች በራሳቸው እግር ሄደው ተመዘገቡ፤ ከ13,000 በላይ የሚሆኑት ላይ የመባረር ክስ ተከፈተ። በሽብር የተፈረደበት አንድም ሰው ከዚያ መዝገብ አልተገኘም።

በስም ሲፈለግስ?

ኢሚግሬሽን ሕግ ማስከበር የለበትም የሚል አቋም የለኝም። እንዲያውም ከእኛው ማኅበረሰብ የወጣ ማስረጃ አለ።

ቀልቤሳ ነገዎ በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። በኋላ አሜሪካ ገብቶ በአትላንታ በአንድ ሆቴል ተቀጠረ። ከሰለባዎቹ አንዷ በዚያው ሆቴል ትሠራ ነበርና አየችው፤ አወቀችው። እሷና ሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያት በ1990 ከሰሱት። በ1993 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። ሰውየው ያለፈውን ደብቆ ዜግነት አግኝቶ ነበር፤ በ2004 ዜግነቱን አጣ፤ በ2005 መጀመሪያ የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት፣ አይስ የምንለው፣ ያዘው፤ በ2006 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወደ ተፈረደበት ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። በዴንቨርም እንዲሁ አንድ የቀድሞ እስረኛ ያወቀው የከፍተኛ 15 አሳሪ፣ ከፈለኝ ዓለሙ፣ በ2014 በኢሚግሬሽን ማጭበርበር 22 ዓመት ተፈረደበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የማንም ሰፈር አልተከበበም። ማንም በመልኩ ምክንያት እንዲቆም አልተደረገም። ምስክሮች ቀረቡ፤ ስም ተጠራ፤ ዳኛ መረመረ። ምስክሮቹም ስደተኞች ነበሩ፤ መኮንን ሲያዩ የሚሸሹ ቢሆኑ ኖሮ አሳሪዎቹ ዛሬም ከመካከላችን ይኖሩ ነበር።

ሁለት ወረቀቶች

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። መኮንን ሲያንኳኳ በእጁ ከሁለት ዓይነት ወረቀት አንዱን ሊይዝ ይችላል፤ ልዩነታቸውን ልጅ አዋቂው ሊያውቀው ይገባል።

አንደኛው የዳኛ ትዕዛዝ ነው። ከራሱ ላይ የፍርድ ቤቱ ስም አለ፤ ታች የዳኛ ፊርማ አለ፤ አድራሻው ተለይቶ ተጽፏል፤ የሚጸናበት ቀን ተወስኗል። ሁለተኛው ግን ከላይ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ስም ያለበት ነው። ቁጥሩ አይ-200 ከሆነ የመያዣ፣ አይ-205 ከሆነ የማባረሪያ ትዕዛዝ ነው። በላዩ የሰው ስም አለ፤ ፊርማው ግን የዚያው መሥሪያ ቤት ሹም ነው። ፈላጊውና ፈራሚው አንድ ቤት ናቸው ማለት ነው።

ይህ ሁለተኛ ወረቀት ሕጋዊ ነው፤ ሰውን በአደባባይ ለመያዝ ያገለግላል። ፍርድ ቤቶች ሲሉ የኖሩት ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ መኖሪያ ቤት ለመግባት እንደማይበቃ ነው። ለዚህም ነው በሩ ላይ የሚሆነው ትንሽ ነገር ትልቅ የሚሆነው፤ «ግቡ» ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ብቻውን እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል። በ2024 በሎስ አንጀለስ የፌዴራል ዳኛ ኦቲስ ራይት ለመያዝ የመጡ መኮንኖች ለማነጋገር የመጡ መስለው ያለ ዳኛ ትዕዛዝ ደጅ ማንኳኳታቸው ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ፈርደዋል።

ይህ መስመር ዛሬ እየተገፋ ነው። በሜይ 2025 የተጻፈና በጃንዋሪ 2026 ይፋ የወጣ የአይስ የውስጥ ማስታወሻ፣ የመጨረሻ የመባረር ትዕዛዝ ያለበትን ሰው ለመያዝ በአይ-205 ብቻ በኃይል ቤት መግባት ይቻላል ይላል። ከ1761 ጀምሮ የተደረገውን ክርክር ላስታወሰ ሰው ይህ እጅግ የሚያሳስብ ነው። መንግሥት ለራሱ ራሱ ከፈረመ፣ የዳኛ መኖር ለምን ያስፈልጋል?

ከቤት ውጪ

ከደጅ ስንወጣ ጥበቃው እየሳሳ ይሄዳል። ሕጉ ከድንበር «በተመጣጣኝ ርቀት» መኪና መፈተሽን ይፈቅዳል፤ ደንቡ ይህን እስከ 100 ማይል አድርጎታል፤ የባሕር ጠረፍም እንደ ድንበር ይቆጠራል። ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ ሙሉ በሙሉ በዚህ ቀበቶ ውስጥ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ገደብ አበጅቷል፦ በ1973 ተዘዋዋሪ የድንበር ጥበቃ ያለ በቂ ምክንያት መኪና እንዳይበረብር ከለከለ። በ1975 በመልክ ብቻ ማስቆም አይቻልም አለ። በ1976 ግን በቋሚ ኬላ ላይ ሁሉን መኪና ማስቆምን ፈቀደ።

በአየር ማረፊያና በድንበር መግቢያ ሻንጣ ያለ ትዕዛዝ ይፈተሻል። ስልክስ? በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የተያዘን ሰው ስልክ ለመክፈት የዳኛ ትዕዛዝ ያስፈልገዋል ብሏል። ድንበር ላይ ግን የጉምሩክ መኮንኖች ይህን ግዴታ አይቀበሉም፤ የ2018 መመሪያቸው ጥልቅ ለሆነው ምርመራ ብቻ ምክንያት እንዲኖር ይጠይቃል። በአንድ ስልክ ውስጥ ከአንድ ቤት የበለጠ ምስጢር አለ፦ የእናት መልእክት፣ የሐኪም ውጤት፣ ለጥገኝነት የተሰበሰበ ማስረጃ።

የሥራ ቦታም ክርክሩ ረጅም ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ብላኪስ የሚባል ምግብ ቤት ላይ በተነሣ ክስ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1981 የወሰነው፣ ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ለመፈለግ ዳኛ ትዕዛዝ ሊሰጥ እንደሚችል ነው። ዳኛን መጠየቅ ሥራ ያስተጓጉላል ለሚሉ መልሱ እዚያ አለ፦ ተጠይቋል፤ ተሰጥቷል፤ ሥራውም ተሠርቷል።

ወደ ዛሬው ስንመጣ ጉዳዩ ለእኛ ይቀርባል። በ2025 በጋ በሎስ አንጀለስ የኢሚግሬሽን መኮንኖች ሰዎችን በአራት ነገር እየመዘኑ ያስቆሙ ነበር፦ በመልክ፣ ስፓኒሽ በመናገር ወይም እንግሊዝኛን ባዕድ ቅላጼ ባለው አንደበት በመናገር፣ በቆሙበት ቦታ፣ በሚሠሩት ሥራ። የፌዴራል ዳኛ ማሜ ፍሪምፖንግ በእነዚህ ብቻ ሰው ማስቆምን አገዱ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት እገዳውን አነሣ፤ የአብላጫው ትዕዛዝ ምክንያት አልተጻፈበትም። ዳኛ ካቫና ለብቻቸው ሲጽፉ መልክ ብቻውን አይበቃም፣ ከሌሎች ጋር ግን ሊቆጠር ይችላል አሉ። ዳኛ ሶቶማዮር በብርቱ ተቃወሙ። እኛስ በምን እንታወቃለን? በመልካችን፣ በአንደበታችን፣ በፓርኪንጉና በታክሲው ሥራችን። እነዚህ ለመጠርጠር ከበቁ ዜግነትም ግሪን ካርድም ከመቆም አያድኑም።

የሌላውን ወገን ክርክር እንስማ

ጥብቅ ቁጥጥርን የሚደግፉ ሰዎች ሦስት ጠንካራ ነጥቦች አሏቸው። አንደኛ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ እንዲባረር የተወሰነበት ሰው ካልሄደ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይናቃል። ሁለተኛ፣ ሰው አዘዋዋሪዎችና ሠራተኛን በዕዳ የሚያስሩ አሠሪዎች የሚያዙት በፍተሻ ነው። ሦስተኛ፣ መኮንኖችም አደጋ ላይ ወጥተው የሚገቡ የሰው ልጆች ናቸው። ሦስቱንም እቀበላለሁ።

ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም ባዶ ትዕዛዝ አይጠይቅም። ውሳኔ ያለበት ሰው ስሙና መዝገቡ የታወቀ ነው፤ ዳኛ ለመጠየቅ የቀለለ ጉዳይ ከዚህ የለም። አዘዋዋሪውን የሚጠቁመው ተበዳዩ ነው፤ ተበዳዩ ከፈራ አዘዋዋሪው ይኖራል። በ2017 የሂውስተን ፖሊስ አዛዥ አርት አሴቬዶ ከላቲኖ ነዋሪዎች የሚመጣው የአስገድዶ መድፈር አቤቱታ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ከ40 በመቶ በላይ መውረዱን ተናግረው ነበር፤ ምክንያቱን የገለጹትም በፍርሃት ነው። በዚያ ዝምታ የሚጠቀመው ደፋሪው ነው። መኮንኑንም ቢሆን ያልታወቀ በር በሌሊት ከመስበር ይልቅ ተጣርቶ የተፈረመ ትዕዛዝ ይጠብቀዋል።

ምን ይደረግ?

የኮንግረስ ሥራ የሆኑ አራት ነገሮች አሉ። መኖሪያ ቤት ለመግባት የዳኛ ፊርማ ግዴታ መሆኑ በማያሻማ ሕግ ይጻፍ። መልክና አንደበት የጥርጣሬ ምክንያት እንዳይሆኑ ይከልከል። መኮንን ማንነቱን ይግለጽ፤ ማንን ለምን እንዳስቆመም ይመዝግብ። አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በወሰነው ጉዳይ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ በአብዛኛው በኢሚግሬሽን ችሎት ከመቅረብ አይታገድም። ጥሰቱ ትርፍ ካስገኘ ጥሰቱ ይቀጥላል፤ ይህ መለወጥ አለበት። በ2025 ኮንግረስ ለአይስ ወደ 75 ቢሊዮን ዶላር ሲመድብ ሥልጣኑን አብዝቷል፤ ልጓሙን ግን አብሮ አላጠነከረም።

የእኛም ድርሻ አለ። ዕድሜው 18 የሞላው ግሪን ካርድ ያዥ ካርዱን እንዲይዝ ሕጉ ያስገድደዋልና ይያዝ። መኮንን ሲመጣ አትዋሹ፤ የሐሰት ወረቀት አታሳዩ፤ አትታገሉ፤ አትሩጡ። በሩን ሳትከፍቱ ትዕዛዙን በበሩ ሥር እንዲያስገቡ ወይም በመስኮት እንዲያሳዩ ጠይቁ። የፍርድ ቤት ስምና የዳኛ ፊርማ ፈልጉ። ከሌለ፣ እንደማትፈቅዱ በጨዋ ቃል ተናገሩ። ዝም የማለት መብት አላችሁ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በመንግሥት ወጪ ጠበቃ አያቆምምና የታመነ ጠበቃ ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ ይያዝ፤ ፈቃድ የሌለው «ጉዳይ አስፈጻሚ» ብዙ ኬዝ አበላሽቷል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ቀድሞ የነበራቸው ልዩ ጥበቃ ተነሥቷልና፣ የየአጥቢያው አስተዳዳሪዎች የትኛው ክፍል ለሕዝብ ክፍት፣ የትኛው የግል እንደሆነ ከወዲሁ ከጠበቃ ጋር ይወስኑ።

ዜጎች የሆናችሁ ደግሞ ሸክማችሁ ይበልጣል፤ ድምፅ ያላችሁ እናንተ ናችሁና። ወኪላችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ መኮንን ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ዳኛ መፈረም አለበት ብለው በሕግ ይጽፋሉ ወይስ አይጽፉም? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በምርጫ ቀንም አስታውሱት።

በሀገራችን በተጣሉ ሰዎች መካከል «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ብርቱው እጁን ይሰበስብ ነበር። ብርቱውን ያስቆመው ሕግ ከእርሱ በላይ መሆኑን ማመኑ ነው። ዛሬ በዚህ ሀገር ከሁሉ ብርቱ የሆነውን መንግሥትን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የመጠየቅ መብትም አለን። የሚፈልገውን ሰው በስሙ ይፈልግ፤ ምክንያቱን ለዳኛ ያስረዳ፤ ዳኛው ሲፈርም ይምጣ። እንዲህ ያለ መንግሥት ይፈራል ብዬ አላምንም፤ ይታመናል። ምስክር የሚመጣለትም፣ ወንጀለኛ የሚጠቆምለትም የሚታመን መንግሥት ነው።